የሐጂ ሂርሲ ብርካ

ሰሞኑን የሰፈራችን ቧንቧ ደርቆ ስለሰነበተ ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን በቦቴ ውሃ አስመጣን። ሾፌሩ ጎማውን ጎትቶ ሮቶዬ አፍ ላይ ሊሰካ ሲል «ቆየኝማ ልጄ» አልኩትና በመዳፌ ጥቂት ተቀብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ።

«እማማ፣ ውሃ ይጠጣል እንጂ ይሸተታል እንዴ?»

ልጄ በረንዳው ላይ ቆማ በእኔ ፈንታ አፈረች። «ተዋት፣ አመሏ ነው» አለችው።

እውነቷን ነው፣ አመሌ ነው። ሆቴል ብርጭቆ ሲቀርብልኝም ሆነ ሰው ቤት ሻይ ሲቀዳልኝ ሳላሸት አልጠጣም። ይህ አመል ከየት እንደመጣብኝ ግን ለልጄ በወጉ ነግሬያት አላውቅም። ልነግራት ስጀምር ገና መሃሉ ላይ ወሬ እለውጣለሁ። ዛሬ በጽሑፍ ልሞክረው፤ ወረቀት ቢያንስ ፊቴን አያይም።

ያኔ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባቴ ከምንጃር መጥቶ ጅጅጋ ገበያ አጠገብ ልብስ ሲሰፋ ያረጀ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ አማርኛውን በቤት፣ ሶማሊኛውን በደጅ ተምሬ አደግሁ። በኬሚስትሪ ዲፕሎማዬን ይዤ ስመለስ በሙያዬ ሥራ አገኛለሁ የሚል ተስፋ አልነበረኝም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ከደገሃቡር ማዶ በረሃው ውስጥ ጋዝ የሚቆፍር አንድ ኩባንያ ከከተማችን ዳር ሰፊ ግቢ አጥሮ ነበርና የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ገባሁ።

ብዙ ሰው ለጋዝ መሬት ሲቆፈር ጋዝ ብቻ የሚወጣ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ከጋዙ ጋር ውሃ ይወጣል፤ ከድንጋይ ሥር ከዘይትና ከጋዝ ጋር ለስንት ዘመን ታፍኖ የኖረ፣ ጠቆር ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ውሃ። እንደ እጣቢ ሜዳ ላይ አይደፋም። ቢደፋ ሣሩን ያደርቃል፣ እየሰረገም ጉድጓድ ይገባል። ከዚህ ውሃ ጥቂት ጥቂቱ በቦቴ እየተጫነ ወደ እኛ ግቢ ይመጣና ማጥራት ይቻል እንደሆነ እንሞክር ነበር። መጀመሪያ ትልቅ ታንከር ውስጥ እናስተኛዋለን፤ ዘይቱ ሲንሳፈፍ እንገፈዋለን። ቀጥሎ መድኃኒት ጨምረንበት ጭቃው ይዘቅጣል። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ከሥሩ አየር ሲነፋበት ውሃው እንደ ሽሮ ወጥ ይንተከተካል፤ የሚተነውም ነገር ከአየሩ ጋር ይወጣል። በመጨረሻ ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ከሰል ውስጥ ያልፋል። ሲገባ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይመስል የነበረው ውሃ ሲወጣ ኮለል ያለ ነው።

እኔ በዚህ በጣም እኮራ ነበር። አለቃዬ ኢንጂነር መላኩ ግን አይኮራም። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ጥርት ያለውን ውሃ በብርጭቆ ይዤ በደስታ ሳሳየው ከእጄ ተቀብሎ ያሸተዋል።

«ዓይንሽን አትመኚው፣ ሙሉ» ይለኛል። «ተንሳፋፊውን ዘይትማ ማንም ያየዋል። እነ ቤንዚን የተባሉት ኬሚካሎች ግን እንደ ስኳር ሟሙተው ይቀመጣሉ፤ አይታዩም። ደም የሚያበላሹት እነሱ ናቸው።»

ያ ሽታ ከልብሴም ከጸጉሬም አይወጣም ነበር። ነዳጅ ማደያ ቆሞ እንደመተንፈስ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል፣ ከበስተኋላው ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ነገር ያለበት ሽታ ነው። እናቴ ማታ ማታ ልብሴን ከቤት ውጪ ታሰጣብኝ ነበር።

ሆዳን አብሮ አደጌ ናት። አክስቷ ቤት ሆና ስትማር ግድግዳችን አንድ ነበርና እሷ የእኛን ሽሮ፣ እኔ የእነሱን ካንጀሮ እየበላን አደግን። ካንጀሮ ስስ የሆነ፣ በስኳርና በቅቤ ቁርስ ላይ የሚበላ የሶማሊ እንጀራ ነው። አባቷ ሐጂ ሂርሲ የሚኖሩት ከቀብሪበያህ አልፎ ወደ ሐርሺን በሚወስደው መንገድ ባለች አነስተኛ መንደር ነበር። በዚያ አገር ወንዝም ምንጭም የለም። ሰው የሚኖረው በብርካ ነው፤ መሬት ተቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ የክረምት ጎርፍ በሚጠራቀምበት ጥልቅ ገንዳ። ብርካ ያለው ሰው ሰፈር አለው ይባላል። የሐጂ ሂርሲ ብርካ ደግሞ ፀሐይ እንዳይመጠው በቆርቆሮ የተከደነ፣ መንደሩ ሁሉ የሚጠጣበት ትልቅ ብርካ ነበር።

የዚያን ዓመት ጉ የሚባለው የበልጉ ዝናብ ቀረ። የጅጅጋ ሜዳ ስንዴው ሳይታጨድ ገለባ ሆነ። የሆዳን ሠርግ ግን ተቆርጦ ነበር። ሙሽራው ማሃድ ከድንበሯ ከተማ ከደወሌ ዕቃ እያመጣ ጅጅጋ የሚነግድ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነበር።

«ዝናብ እስኪመጣ ብንጠብቅስ?» ብላት ሆዳን ሳቀችብኝ።

«ዋላል» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «በእኛ አገር ዝናብ የሚጠብቅ ሰው አያገባም። አባቴ ውሃ በቦቴ አስመጥቶ ብርካውን ሞልቶታል። አንቺ ብቻ ነይ።»

ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን ከሆዳን ዘመድ ሴቶች ጋር በአንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ተጠቅጥቀን ሄድን። ከቀብሪበያህ በኋላ ሜዳው እንደ አሮጌ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ነበር። ግመሎች ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ አንገታቸውን አቅንተው ይሄዳሉ። መንደሩ ስንደርስ የሆዳን ታናሽ ወንድም ባሽር እየሮጠ መጥቶ ሻንጣዎቻችንን ተሸከመ። ከእኔ ጥቂት ዓመት ያንሳል። አገጩ ላይ ገና ያልጠነከረ ጢም ነበረው፤ በእሱም ይኮራል።

«ሙሉ፣ አማርኛ አስተምሪኝ፤ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው» አለኝ። «ፈተናው ላይ ‹ፍሬን› ብሎ ሲጠይቀኝ ‹ፍሬ› ልለው እችላለሁ።»

እየሳቅን ገባን። ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሙቅማድ፣ በቅቤ የተጠበሰ ደቃቅ የግመል ሥጋ፣ ከተምር ጋር ቀረበልን። ከዚያ ሄል የበዛበት ወተት ያለው ሻይ መጣ። ብርጭቆውን አነሳሁ፤ ከንፈሬ ላይ ሳይደርስ እጄ ቆመ።

ሽታው የላቦራቶሪዬ ሽታ ነበር።

መጀመሪያ ከራሴ ልብስ ነው ብዬ እጅጌዬን አሸተትኩ። ልብሱ አዲስ ነው፣ ለሥራ ለብሼው አላውቅም። ብርጭቆውን መልሼ አሸተትኩ። ከሄሉና ከወተቱ ሥር አድፍጦ ያ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለ። ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ይጠጣል። ሆዳን ትጠጣለች። አንዲት ሴት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ራሱን አመመው፣ ያስመልሰዋል» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «የእኔም ልጆች እንደዚያው ናቸው። የፀሐዩ ነገር ነው» አለቻት።

ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ ብርካው ሄድኩ። በደረጃው በኩል ያለውን ቆርቆሮ ገለጥ አድርጌ እስከ ውሃው ድረስ ወረድኩ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ውሃ ውስጥ ያሉት የደረጃው ጥርሶች እስኪታዩ ድረስ። ግን ከግድግዳው ጥግ፣ ብርሃን ባረፈበት፣ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን ይንቀሳቀሳል። ጣቴን ነክሬ አወጣሁና አሸተትኩ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ባሽር ተከትሎኝ መጥቶ ነበር። «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ውሃውን ያመጣው ቦቴ ምን ዓይነት ነው?»

«አረንጓዴ። የጎኑ መብራት የተሰበረ። ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነው፣ መሪውን አስይዞኝ ነበር።»

አረንጓዴ፣ የጎኑ መብራት የተሰበረ። ያንን ቦቴ በየሳምንቱ ግቢያችን ሲገባ አየዋለሁ። እኔ ራሴ ከሆዱ ናሙና ቀድቻለሁ። ኩባንያው ቦቴዎችን የሚከራየው ከአንድ የትራንስፖርት ባለቤት ነበር። ያ ሰውዬ ድርቁ ሲመጣ ያንኑ መኪና ለመጠጥ ውሃም አከራይቶታል። የእኛን ቆሻሻ ውሃ አራግፎ፣ ከታች የቀረውን ዝቃጭ እንደያዘ ንጹህ ውሃ ተሞልቶበት፣ ወደ ሠርግ ቤት ተላከ።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ያኔ የተሰማኝ ንዴት አለመሆኑ ነው። ጆሮዬ ጭው አለ። ሰዎች ይንቀሳቀሳሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዲት ልጅ ከበሮ ትሞክራለች፤ እኔ ግን ከመስታወት ማዶ እንዳሉ ነበር የማያቸው።

ሐጂ ሂርሲ እንግዳ እየተቀበሉ ነበር። ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። የአብሮ አደጌ አባት ስለሆኑ «አዴር» ነው የምላቸው፤ በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው።

«አዴር፣ ለብቻዎ ላናግርዎት» አልኳቸው።

ከአጥሩ ጀርባ ወስጄ ነገርኳቸው። የምሠራውን ሥራ፣ ቦቴውን፣ ሽታውን፣ የልጆቹን ማስመለስ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ውሃው እኮ ንጹህ ነው። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«አይታይም፣ አዴር። ክፋቱ እሱ ነው።»

«ነገ ሠርግ ነው። ከየአቅጣጫው ሰው እየመጣ ነው። በዚህ አካባቢ ሌላ ውሃ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ከግማሽ ቀን መንገድ ወዲህ የለም።» ወደ ብርካው ተመለከቱ። «ብትሳሳቺስ?»

በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ብሳሳት ደስ ይለኛል» አልኳቸው። «ግን አልተሳሳትኩም።»

ሐጂ ሄደው ከበረቱ አጥር ትልቅ የእሾህ ቅርንጫፍ ጎትተው የብርካውን ደረጃ ዘጉት። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ያዩ ነበር። ሐጂ ድምፃቸውን ሳያነሱ «ከዚህ ውሃ ማንም እንዳይቀዳ። የተቀዳውም ይደፋ» አሉ። አንዲት አሮጊት ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቀሩ። በድርቅ ዘመን ውሃ ድፉ የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም።

ላንድክሩዘሩ ለኢንጂነር መላኩ የጻፍኩትን መልእክት ይዞ ወደ ጅጅጋ ተመለሰ። ሠርጉም ሆነ። ከሩቅ መንደር በግመል ጀሪካን ጀሪካን ውሃ መጣ፤ እንግዳው በአብዛኛው የግመል ወተት እየጠጣ ጨፈረ። ስለ ውሃው ማንም አላነሳም። ሐጂ ግን ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ዋሉ። ባሽር አባቱን አይቶ «አባዬን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም» አለኝ። ነውሩ የእሳቸው ይመስል ነበር፤ ሰው ጠርተው መርዝ እንዳጠጡ።

በማግስቱ ጠዋት ኢንጂነር መላኩ ከአንድ ሠራተኛ ጋር በጭነት መኪና ደረሰ። ፓምፕ፣ ኮምፕሬሰሩን፣ ረጃጅም ጎማዎች፣ ጥቅል ላስቲክ ይዞ ነበር። ብርካው አፍ ላይ ተንበርክኮ አሸተተ፣ ተነሳ፣ ሽቅብ ሰማዩን አየ። ፊቱ ያን ያህል ነጥቶ አይቼው አላውቅም።

ሐጂ ቀረቡት፤ እኔ መሃል ቆሜ አስተረጎምኩ።

«ሥራህ ማጥራት ነው ብላኛለች ልጄ። አጥራልን።»

«ለመኪና ማጠቢያ አጠራዋለሁ፣ ሐጂ» አለ ኢንጂነሩ። «ለልጆችዎ ግን ጠርቷል ብዬ አልፈርምም። ያለኝ ከሰል ለዚህ ሁሉ ውሃ አይበቃም። ሽታው ቢጠፋ እንኳ የማይሸተው ይቀራል።»

«ታዲያ?»

«አውጥተን ከመንደሩ ርቀን፣ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ እናኑረው። በኋላ ጭነን እንወስደዋለን። ከዚያ ብርካው ይናፈሳል፣ ይታጠባል፣ ይመረመራል።»

ይህንን ስተረጉምላቸው ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይውጣ» አሉ።

ወንዶቹ ጉድጓዱን ቆፈሩ። ፓምፑ በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ ሲስብ አርፍዶ ከታች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ዝቃጭ ብቻ ሲቀር ዝም አለ። ግድግዳው በሙሉ ቅባት ለብሶ ነበር። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሏል። ኢንጂነሩ ወደ ሁሉም ዞሮ ጣቱን እያወዛወዘ ተናገረ፣ እኔም ጮክ ብዬ በሶማሊኛ ደገምኩት።

«ማንም አይውረድ! ውስጡ ያለው አየር አይደለም። ነገ በሞተር ንጹህ አየር ከነፋንበት በኋላ ነው የሚወረደው።»

ሁሉም ሰምቷል። ባሽርም አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል፤ ራሱንም ነቅንቋል።

ኢንጂነሩና ሠራተኛው ጉድጓዱን ሊያዩ ሄዱ። ሰው ምሳ ላይ ነበር፤ ሩዝና የፍየል ሥጋ። እኔ ከሆዳን ጋር ቤት ውስጥ ነበርኩ። የእጇ ሂና ገና ጥቁር ቀይ ነበር፤ ስለ አዲሱ ቤቷ መጋረጃ ታወራኝ ነበር። ከውጪ የአንዲት ልጅ ጩኸት ሰማን። የመፍራት ጩኸት አልነበረም፤ የመጣራት ነበር። «ባሽር! ባሽር!» ትላለች።

ስንወጣ የብርካው ቆርቆሮ ተገልጧል። ነጠላ ጫማው መስጊድ በር ላይ እንደሚደረገው ጎን ለጎን ተደርድሮ ደረጃው አናት ላይ ተቀምጧል። ዝቃጩን ለአባቱ ሊጠርግለት ባልዲና አካፋ ይዞ ወርዶ ነበር። ከታች፣ ዝቃጩ ላይ፣ በአንድ ጎኑ ተኝቷል።

ማሃድ ከማናችንም ቀድሞ ደርሶ ነበር። «አትውረድ!» ብዬ ጮህኩ። ጮህኩ ወይስ ጮህኩ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። እሱ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ የባሽርን ብብት ያዘ፤ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። የተገረመ ይመስል ነበር። ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈና ባሽር ላይ ተደፋ። ለአንድ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ የሚበቃ ጊዜ አልነበረም።

ሆዳን ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። ከኋላ ወገቧን ይዤ መሬት ላይ ጣልኳት። «ልቀቂኝ! ባሌ ነው! ወንድሜ ነው!» ክንዴን ነከሰችኝ። ሌሎች ወንዶች ወደ ደረጃው ሲሮጡ «የወረደ ሁሉ ይሞታል! አየር የለም! ወላሂ ይሞታል!» እያልኩ እጮሃለሁ። በሕይወቴ «ወላሂ» ብዬ ስምል የመጀመሪያዬ ነበር። ሐጂ ሂርሲ ጥምጥማቸውን አውልቀው ሊወርዱ ሲሉ ሁለት ሽማግሌዎች እግራቸውን አቀፉ።

ኮምፕሬሰሩ ከብርካው አጠገብ መኪናው ላይ ተጭኖ ነበር። ሆዳንን ለሴቶቹ ትቼ ወጣሁበት። ግቢያችን ውስጥ በየጠዋቱ ሲነሳ አይ ነበር እንጂ አስነስቼው አላውቅም። የማስነሻ ገመዱን አንድ ጊዜ ሳብኩት፣ አልተነሳም። ደግሜ ሳብኩት። ኢንጂነሩ ከሩቅ እየሮጠ ሲመጣ ሞተሩ ጮኸ። ጎማውን ነጥቆኝ ወደ ብርካው ለቀቀው፤ ንፋሱ ከታች ዝቃጩን ሲያራግበው ይታያል።

ከዚያ ቆመ። ገመድ ወገቡ ላይ እያሰረ ቆመ።

ከዚያ ቀን ሁሉ የሚያስደነግጠኝ ያ መቆም ነው። ውስጡ ያለው ጋዝ በንፋሱ እስኪገፋ መጠበቅ ነበረበት፤ እኔም አውቄዋለሁ። ሰዉ ግን አላወቀም። በዓይናቸው ፊት ሁለት ልጆች ወድቀው አንድ ሰው ገመድ ይዞ ይቆማል። «ምን ትጠብቃለህ?» ይሉታል። ይሰድቡታል። አንዱ ድንጋይ አነሳ። ኢንጂነሩ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ታች ብቻ ያያል። እኔ መተርጎም አቃተኝ።

በመጨረሻ የጎማውን አፍ ፊቱ ላይ ይዞ ወረደ። ከላይ ላለነው ማሃድን አሰረልን፤ ጎተትነው። ቀጥሎ ባሽርን። ቀጥሎ ራሱ እየተንገዳገደ ወጣና ቆርቆሮው ላይ ወድቆ ያስመልስ ጀመር።

ማሃድ ጥላ ሥር ከተኛ በኋላ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ደገመ። ሳለ። ሆዳን ደረቱ ላይ ተደፋች።

ባሽር አልሳበም። ኢንጂነሩ እየተንፏቀቀ ሄዶ ደረቱን ተጫነ፣ አፉን በአፉ ነፋ፣ ደግሞ ተጫነ። ያ ያልጠነከረ ጢሙ በቅባት ተለጥፏል። ሐጂ መጥተው ከጎኑ ተቀመጡና የኢንጂነሩን ትከሻ በቀስታ ያዙት። «ይበቃል ልጄ» አሉት በሶማሊኛ። ቃሉን ሳልተረጉምለት ገባው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። ገመዱን አጥፌ አስቀመጥኩት። ፈታሁት፣ እንደገና አጠፍኩት። አንዲት ሴት ከእጄ እስክትወስደው ድረስ ሳጥፍና ስፈታ ነበርኩ። ከማድቤቱ ሩዝ ያረረ ሽታ ይመጣል። አላለቀስኩም። የክንዴን ንክሻ ያየሁት በማግስቱ ነው፤ ጠቁሮ ነበር።

በሠርጉ ዳስ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። በመሃሉ የቦቴው ሾፌር መጣ። ወጣቶቹ ተነሱበት። ሐጂ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸውና «ይናገር» አሉ። ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አጥበህ ጫን ተባልኩ» አለ። «በሳሙና አጠብኩት። በመንገድ ላይ እኔም ጠጣሁ፣ ለልጆቼም በጀሪካን ወሰድኩላቸው። ውሃ ነው ብዬ ነው። እኔ ምኑን አውቄ?»

እያለቀሰ ነበር። ሐጂ ሻይ እንዲሰጡት አዘዙ። የቦቴዎቹ ባለቤት ግን ወሬውን የሰማ ዕለት ድንበር ተሻግሮ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ኩባንያውም ሳይቆይ ግቢያችንን ዘጋና ሄደ። ኢንጂነር መላኩ ለዓመታት ሳል አልለቀቀውም። ብርካውን ሐጂ ራሳቸው በአካፋ የመጀመሪያውን አፈር ጥለው አስደፈኑት።

እኔ ወደ መንደሩ የተመለስኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ፈርቼ ነበር የዘገየሁት። ቤቴ ስተኛ አንድ ነገር ይመጣብኛል፤ ባልናገር ኖሮ ብርካው ባዶ አይሆንም ነበር፣ ብርካው ባዶ ባይሆን ባሽር አይወርድም ነበር። ሐጂ አርጅተው በዱላ ይሄዱ ነበር። አጥሩ ሥር ተቀምጠን ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ነግረሽኝ አንድ ልጅ ቀበርኩ» አሉኝ። «ባትነግሪኝ ግን ማንን ማንን እንደምቀብር፣ ለምን እንደምቀብርም ሳላውቅ እየቀበርኩ እኖር ነበር።»

እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። ሆዳንና ማሃድ ደወሌ ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው አድገዋል። በስልክ እንገናኛለን። ስለ ዋጋ መወደድ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆች ትዳር እናወራለን። ስለ ባሽር አናወራም ነበር። የዛሬ ሳምንት፣ ይህን ጽሑፍ ልጀምር ስል፣ ደወልኩላትና ያን የውስጤን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። አባቷ ያሉኝን አንዳንድ ቀን እንደማምነው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምነው ያን ሻይ ዝም ብዬ በጠጣሁት እንደምል።

«እኔም እላለሁ» አለችኝ።

በእሷ በኩል ከባድ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል፤ በእኔ በኩል ጎረቤት ልጅ ትጣራለች። ስልኩን ግን እሷም እኔም አልዘጋነውም።